በመጸው ቤተሰብ ጥየቃ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ገጠር በቅዳሜና እሁድ

መስቀል ካለፈ በኋላ ከደብረ ብርሃን፣ ከጫጫ፣ ከአንኮበር ወይም ከመንዝ የመጣ የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ አንድ ዓይነት ስልክ ይደወልለታል፦ «መንገዱ ደርቋል፣ እሸቱ ደርሷል፣ ምነው ጠፋህ?» ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ናት፤ መሄዱ አይከብድም። የሚከብደው ሁለት ቀን በማይሞላ ጊዜ ወላጅ አይቶ፣ ዘመድ ጠይቆ፣ ጓደኛ አግኝቶ፣ ማንንም ሳያስቀይሙ ሰኞ ሥራ መግባት ነው። ደጋግሜ እንደታዘብኩት ይህን ጉዞ የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ቀኑን ሳያጠኑ መነሳትና የቤቶቹን ቅደም ተከተል መሳት። ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።

ቀኑ

መጸው በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። በዚህ ውስጥ ሁለት ጾም አለ። የመጀመሪያው ጽጌ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ 40 ቀን። የፈቃድ ጾም ስለሆነ ወጣቱ ላይጾመው ይችላል፤ እናቶችና አባቶች ግን ብዙዎቹ ይጾሙታል። ሁለተኛው ኅዳር 15 የሚገባው የነቢያት ጾም ነው፤ ይሄኛው የአዋጅ ነው። በሁለቱ መካከል ከኅዳር 6 ቁስቋም እስከ ኅዳር 14 ዘጠኝ ቀን ይቀራል፤ በዚያ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ሁልጊዜ ይገኛል። ከወላጆቹ ጋር በአንድ ገበታ ዶሮ ወይም ጥብስ መብላት የሚፈልግ ሰው ያለው ሳምንት ይኸው ነው። የኅዳር ሚካኤልም እዚያው ውስጥ ይውላል።

በጽጌ የሚሄድ ሰው ቅቤና እንቁላል የገባበት ኬክ ተሸክሞ ቢሄድ የሚበሉት ልጆች ናቸው። የባሰው ደግሞ እናት ራሷ እየጾመች ለልጇ ዶሮ ማረዷ ነው። ዶሮ ወጥ ማለት ማረድ፣ መንጨት፣ ብልት ማውጣት፣ ደጋግሞ ማጠብ፣ ሽንኩርት ማቁላላት ነው፤ ግማሽ ቀን ጓዳ መዋል ማለት ነው። የአንድ ቀን ተኩል ጥየቃ ግማሽ ቀኑ በዚህ ካለቀ እናትና ልጅ የሚያወሩት በጓዳው መጋረጃ በኩል ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከሁለት ቀን በፊት ደውሎ «እማዬ፣ የናፈቀኝ ሽሮ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳትሠሪብኝ» ማለት። ባዶ እጅ የመሄድ ያህል ቅር የሚላት ከመሰለ ዶሮውን ለእሁድ ምሳ ይሁን ብሎ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ያውም ጾሙ ከተፈታ በኋላ ሲሆን ነው። ዐርብ ማታ የሚደርስ ሰው ደግሞ ጽጌም ባይሆን ዐርብ ዐርብ ስለሆነ የጾም ራት ነው የሚጠብቀው።

ከጾሙ ቀጥሎ እርሻውን ማየት ነው። የባቄላ እሸት ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በጥቅምት ይበላል። የሽምብራ እሸት ዘግይቶ ስለሚዘራ ኅዳርና ታኅሣሥን ይጠብቃል። ጥቅምት ሲገባ ግን ጥቁር አፈር በሆነው አገር መሬቱ ገና አልጠነከረም፤ አስፋልቱ ደርቆ ሳለ ወደ ውስጥ የሚያስገባው የጋሪ መንገድ ጎማ ይውጣል። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ባጃጁም ጋሪውም ይገባል። ስለዚህ እሸትና ደረቅ መንገድ አንድ ላይ ለሚፈልግ የጥቅምት ሁለተኛ አጋማሽ፣ ሥጋ ለሚፈልግ የኅዳር ሁለተኛ ሳምንት ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ አጨዳው ይጠብቃል። ኅዳር ላይ ዝናብ ወይም ውርጭ ሳይቀድም ገብሱን ለማንሳት ሰው ሁሉ ይሯሯጣል፤ ደቦ በተጠራበት ቀን የደረሰ እንግዳ ወይ ማጭድ ይይዛል ወይ ያስቸግራል። ማጨድ የማያውቅ ሰው ማጭድ ባይነካ ይሻላል፤ ሰብሉን ጨብጦ የሚይዘው የግራ እጅ ጣት ነው የሚቆረጠው። ነዶ መሸከምና ውኃ ማቅረብ በቂ ነው።

ሌላ የሚረሳ ነገር የገበያ ቀን ነው። የአካባቢው ገበያ ቅዳሜ ከዋለ እስከ 9 ሰዓት ድረስ ቤት ያለው ሕፃንና ውሻ ብቻ ነው። የመንገዱን ሁኔታም ማታውኑ ደውሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው የጸጥታ ችግር መንገድ ሳይታሰብ የሚዘጋበት ቀን አለ። የሚጠየቀው ደግሞ እዚያው ያለ ሰው ወይም ጠዋት መንገዱን የሠራ ሹፌር እንጂ የከተማ ወሬ አይደለም። «ጠብቁ» ከተባለ መጠበቅ ነው።

አክስት ጋ መደወል

በየሰፈሩ ሁሉን የምታውቅ አንዲት አክስት አትጠፋም። ከመነሳት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ለእርሷ መደወል ያዋጣል። አራት ነገር ትጠየቃለች፦ ካለፈው ጊዜ ወዲህ ማን አረፈ? ማን ታመመ? ማን ወለደች? ማን ከማን ተጣላ? እናትና አባትን ስለ ሞት በስልክ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ መርዶ በስልክ አይነግሩም፣ «ሁሉም ደኅና ነው» ብለው ያልፉታል። ከዚያ እንግዳው ሳያውቅ ሟቹ ቤት ገብቶ «አባባስ የት ሄዱ?» ይላል።

አራተኛው ጥያቄ እንደ ቀልድ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን በድንበር የተካሰሱ ሁለት ወንድማማች አጎቶች ካሉ መጀመሪያ ወደ ታላቅየው መግባት፣ በዚያው ቀን ወደ ታናሽየው መሄድና ከአንዱ ቤት የሰሙትን በሌላው ቤት አለመድገም ያስፈልጋል። ስለ ርስትና ስለ መሬት ደብተር የሚነሳ ወሬ ካለ «ሰፋ ባለ ጊዜ እንነጋገርበታለን» ይበቃል። ቅዳሜና እሁድ የውርስ ጉዳይ አይፈታም፤ ጥየቃውን ግን ያበላሻል።

መንገዱ

የደብረ ብርሃን መኪና የሚነሳው ከላምበረት መናኸሪያ ነው። ዐርብ ከሥራ ወጥቶ 11 ሰዓት ላይ መነሳት የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ እኔ አልመክርም። በጥቅምት ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ከለገጣፎ እስከ ሰንዳፋ ያለው መጨናነቅ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበላል፤ ደብረ ብርሃን ሲደረስ ወደ ገጠሩ የሚሄድ መኪና የለም። ስለዚህ ወይ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዶ 7 ሰዓት ላይ መነሳት፣ ወይ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላምበረት መገኘት ነው። ጠዋት የተነሳ ሰው 3 ሰዓት ገደማ ደብረ ብርሃን ይገባል። ከመናኸሪያው ውጭ የሚጭን ሚኒባስ ቶሎ የሚሄድ ይመስላል፤ ግን ሰው እስኪሞላለት በየመንደሩ ይቆማል፣ አንዳንዴም ሰንዳፋ ወይም ሸኖ ላይ ተሳፋሪውን ለሌላ መኪና አስረክቦ ይመለሳል። በዚህ መኪና የተሳፈረ ሰው ሙሉ ሒሳቡን ሲወርድ ይክፈል።

የራሱን መኪና የሚነዳ ነዳጁን ከአዲስ አበባ ሞልቶ ይውጣ። ክፍያው በስልክ ስለሆነ ባትሪውና ኔትወርኩ የሌለበት ቦታ ነዳጅ ኖሮም አይቀዳም። ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ለሚወርድ ጣርማ በር ላይ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ጉም ነው፤ ረጅሙን መብራት ማብራት ጉሙን ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል፣ አጭሩ ይሻላል። ሁለተኛው ጣሊያን ከሠራው ዋሻ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ነው። ፍሬን ረግጦ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ ሲረገጥ አይይዝም። ገና ከአፋፉ በሁለተኛ ማርሽ መግባትና ፍሬኑን እየነኩ መልቀቅ ነው። ለገና ወይም ለሠርግ ሰው ጭኖ የሚሄድ ይህን በተለይ ያስብበት፤ ጭነት የበዛበት መኪና ቶሎ ይግላል።

ምን ይያዛል

ለወላጅ ቤት ከሚያዙት ሁሉ የማይሳሳተው ጥሬ ቡና ነው። ደጋው ቡና አያበቅልም፤ ይገዛል። ለዋናው ቤት 2 ኪሎ፣ ለሌላው ቤት ግማሽ ግማሽ ኪሎ በየፌስታሉ ተመዝኖ ቢያዝ ይበቃል። ከዚያ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ የልብስ ሳሙና፣ 3 ወይም 5 ሊትር ዘይት። ፍራፍሬ በደጋው ብርቅ ስለሆነ ብርቱካን ከኬክ የበለጠ ይወደዳል፤ ሙዝ ግን አውቶቡስ ላይ ይጨፈለቃል። ትምህርት የተከፈተው መስከረም ላይ ነው፤ ጥቅምት ሲደርስ የልጆቹ ደብተር ማለቅ ይጀምራል፤ ደብተርና እስክሪብቶ ለልጅ ከከረሜላ ይሻላል። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍና ዕጣን።

በርበሬ፣ ሽሮና በሶ ይዞ የሚሄድ ሰውም አጋጥሞኛል። ያው እነሱ ራሳቸው የሚልኩልን ነገር ነው።

ጥሬ ገንዘብ ተዘርዝሮ ይያዝ። ባለ 200 ብር ኖት ገጠር ውስጥ ዝርዝር የለውም፤ ባለ 50ና ባለ 10 በርከት ብሎ ቢኖር ለልጆች፣ ለሰንበቴ፣ ለነዳያን፣ ለጋሪው ይሆናል። ለወላጅ የሚሰጥ ብር ሲወጡ፣ ሰው በሌለበት፣ እጅ ውስጥ ይጨበጣል። ለሁለቱም አንድ ላይ ከሚሰጥ ለእናት ለብቻ፣ ለአባት ለብቻ ቢሆን ይመረጣል፤ የአባት ብር ማዳበሪያና ዕዳ ላይ ያልቃል፣ የእናት ብር ግን ጨው፣ ጋዝና ወፍጮ ቤት ነው የሚደርሰው።

ቤት ለቤት

አንድ ቤት ገብቶ ቡና ጠጥቶ መውጣት፣ ቡናው ከመቁላት ከጀመረ፣ ከአንድ ሰዓት አያንስም። እስከ በረካው ከተቆየ ሰዓት ተኩል ይሆናል። በቤቶቹ መካከል የሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ሲጨመር ቅዳሜ ከሰዓት የሚዳረሰው ሦስት ቤት ነው። «አሥር ቤት እገባለሁ» ብሎ የሚነሳ ሰው አምስቱን ቤት በር ላይ ሰላም ብሎ ያልፋል፤ በር ላይ ሰላም ብሎ ያለፈ ደግሞ ጭራሽ ካልመጣው በላይ ይታማል።

ስለዚህ የወላጅ ቤት ቁጭ ብሎ አንድ ቡና ከተጠጣ በኋላ የመጀመሪያው ቤት ለቅሶ ቤት ነው። ሟቹ ካረፈ ሦስት ወር ቢሆነውም፣ ዐርባው ወጥቶ ቢያልፍም፣ ያልደረሰ ሰው አልደረሰም። ቅደም ተከተሉን ማንም በግልጽ አይናገረውም፤ ግን እንግዳው የት የት እንደገባ መንደሩ ከእርሱ በፊት ያውቃል። ለቅሶ ቤት «ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ መቀመጥ ነው፤ ወሬውን የሚጀምሩት እነሱ ናቸው። አሟሟቱን መጠየቅ አያስፈልግም፣ ራሳቸው ይነግራሉ። የተያዘው ቡናና ስኳር ወይም ብር ለባለ ሐዘኗ በእጅ ከሚሰጥ ጓዳ ላለች ሴት ልጅ ወይም እህት ቢሰጥ ይሻላል።

ሁለተኛው የታመመ ወይም ከቤት የማይወጣ ሽማግሌ ያለበት ቤት ነው፤ እነዚህን እሁድ ቤተ ክርስቲያን ማግኘት አይቻልም። ሦስተኛው አራስ ቤት ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ ለሕፃኑ ትንሽ ብር ይሰጣል፣ ሳሙና ካለ በጣም ጥሩ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ግን በር ላይ ቆሞ መርቆ ይመለስ፤ የመጸው ንፋስና የአውቶቡስ መስኮት ሰውን ቶሎ ያስነጥሰዋል፣ አራስ ልጅ ደግሞ ጉንፋን አይችልም። ክርስትናው መቼ እንደሆነም እዚያው ይታወቃል፤ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ነው፤ ለቀጣዩ ጉዞ ቀን መምረጫ ይሆናል።

ከግቢ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ሳይሉ መግባት የለም። የገጠር ውሻ ከከተማው ይለያል፣ ሥራው ነው። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ ክትባት ጤና ተቋም መድረስ ያስፈልጋል፤ የውሻው ባለቤት «ደኅና ውሻ ነው» ማለቱ ክትባት አይተካም።

የከተማ ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ሁለት ነገር ያስተምራቸው። ሽማግሌ ሲገባ መነሳትና ሲሰጧቸው በሁለት እጅ መቀበል። «አንተ» የሚለው ቃል ለሰባ ዓመት አባት ሲወጣ አባትየው ይስቃሉ፣ ሌላው ግን ወላጁን ነው የሚያየው። ጋሼ፣ እትዬ፣ አባባ፣ እማማ ብለው እርስዎ ወይም አንቱ ቢሉ ይበቃል፤ ጉልበት መሳሙን ከአጎታቸው ልጆች አይተው ያደርጉታል።

ምግብን በተመለከተ «በልቼ ነው የመጣሁት» የሚል መከላከያ ሠርቶ አያውቅም። የሚሠራው ሰዓት መምረጥ ነው፤ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ የገባ እንግዳ ዳቦና ቆሎ ወይም እሸት ነው የሚቀርብለት፤ 7 ሰዓት ላይ የገባ ሙሉ ገበታ ይጠብቀዋል። ጠላ ሲቀዳ ብርጭቆው በጎደለ ቁጥር ይሞላል፣ ስለዚህ መጠጣት የማይፈልግ ሰው ተጎንጭቶ ሙሉውን ማስቀመጥ ነው ያለበት። አረቄን ለማለፍ «መድኃኒት ላይ ነኝ» ማለት ወዲያው ይሠራል፤ ጉዳቱ ማታ እናት ጆሮ መድረሱና ሌሊቱን ሙሉ «ምን ሆነህ ነው የደበቅከኝ?» መባሉ ነው። ሹፌር መሆን ያለ ጥርጥር የተሻለ ምክንያት ነው።

የቀረውን ዘመድ ሁሉ እሁድ ጠዋት አንድ ቦታ ማግኘት ይቻላል። ቅዳሴው በሌሊት ይገባል፣ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰዉ ይወጣል። ደጀ ሰላሙ አጠገብ ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ቤት ለቤት ሁለት ቀን የሚፈጅበትን ዘመድ ሰላም ይላል፤ የንስሐ አባቱንም ያገኛል። ቀኑ 12፣ 21፣ 27 ወይም የአጥቢያው ታቦት ወርኃዊ በዓል ከሆነ ከሩቅ መንደር የመጣም ይገኛል። ሰንበቴ ላለበት አጥቢያ አስቀድሞ ትንሽ ነገር ማዋጣትና ቁጭ ብሎ አብሮ መቅመስ ይገባል፤ ቆሞ ሰላም ብቻ ብሎ የሚሄድ እንግዳ ስም ያተርፋል። በይፋትና በቀወት በኩል ቤተሰቡ ሙስሊም የሆነ ሰው ዐርብን ማዕከል ያድርግ፤ ከጁምዓ በኋላ መስጊድ ደጃፍ ያው አገልግሎት አለው።

የትምህርት ቤት ጓደኞችን በየቤታቸው መፈለግ ጊዜ መጨረስ ነው። ለአንዱ ደውሎ ቅዳሜ ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ከተማ ውስጥ አንድ ቤት ቀጠሮ ማስያዝ፣ እርሱ ለሌሎቹ ይነግራል። ማምሸት ከመጣ እናት ራት ሳትበላ ነው የምትጠብቀው፤ በዚህ ዘመን ደግሞ በጨለማ መንገድ ላይ መገኘት ራሱ ጥሩ አይደለም።

ብርዱ

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ቀን የሞቀው መሬት ሌሊት ሙቀቱን የሚይዝለት ደመና የለውም፤ ስለዚህ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል፣ ሜዳው ላይ ውርጭ ያድራል። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚፈስ ረባዳ ላይ ያለ ቤት ከአፋፉ ቤት ይበርዳል። የመጨረሻው ብርድ ከንጋቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ነው፤ ያ ደግሞ ቅዳሴ የሚሄዱበት ሰዓት ነው። ወፍራም ካልሲ፣ የሱፍ ኮፍያና ጋቢ ከጃኬት ይበልጣሉ። ለመደብ የሚሆን አንሶላ ይዞ መሄድ ቁንጫውን ባያስቀርም ይቀንሳል።

ከሁሉም በላይ ከሰል። ብርድ ያልለመደ እንግዳ መኝታ ቤት ምድጃ አስገብቶ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ፍሙ ጭስ ባይኖረውም ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ራስ ምታቱን ሳይሰማው ይሞታል። የሣር ክዳን ቤት በክዳኑ በኩል ስለሚተነፍስ አሮጌው ልማድ ብዙም ሰው አልጎዳ ይሆናል፤ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ቆርቆሮና ኮርኒስ ያለው አዲሱ ቤት ግን አየር አያስገባም። ወላጆች አዲስ ቤት ከሠሩ ይሄ ጉዳይ የእንግዳው ብቻ ሳይሆን የእነሱም ነው፤ ምድጃው ከመኝታ በፊት ደጅ ይውጣ። በሙቅ ውኃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በፎጣ ተጠቅልሎ እግር ሥር ቢገባ እስከ ንጋት ባይሆንም እስኪተኙ ያደርሳል።

የወላጅ ጤና

«ደኅና ነኝ» በሚል መልስ አለመርካት ነው። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ፓኬቱን አስወጥቶ የቀረውን ፍሬ መቁጠር። ወር ሊሞላ የሚገባው ሁለት ወር ከቆየ እየቆጠቡት ነው ማለት ነው፤ ብዙዎች «ሲሻለኝ አቆመዋለሁ» ይላሉ። የመድኃኒቱን ስምና ሚሊ ግራሙን በስልክ ፎቶ ማንሳት አዲስ አበባ ላይ ሲገዛ ስሕተት ያስቀራል። የግፊት መለኪያ የያዘ ሰው ከቡና በፊት፣ አምስት ደቂቃ ጸጥ ብለው ከተቀመጡ በኋላ፣ ክንዳቸውን በልብ ትይዩ አስደግፎ ሁለት ጊዜ ይለካ። ከገበያ ወይም ከውኃ ቅጂ እንደተመለሱ የተለካ ቁጥር ቤተሰቡን በከንቱ ያስደነግጣል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተራቸው መታደሱንም አይቶ መመለስ ጥሩ ነው፤ የሚረሱት መክፈሉን ሳይሆን ማሳደሱን ነው።

መመለሻው

እሁድ ከ7 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ያልደረሰ ሰው ቀኑ ሳይመሽ አዲስ አበባ አይገባም። የመናኸሪያው ሰልፍ እሁድ ከሰዓት ረጅም ነው፣ ለገጣፎ ላይ ደግሞ እንደገና ይቆማል። ስንብቱ ራሱ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ምርቃቱ አለ፣ ስንቁ አለ፣ ጎረቤት «ሳላየው» ብሎ ይመጣል። ስለዚህ 6 ሰዓት ላይ መነሳት ነው።

ስንቁን በተመለከተ የራሴ ደንብ አለኝ። በሶ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮና ቆሎ በምስጋና ይወሰዳል። እንቁላል ግን የእናት የጨው መግዣ ነው፤ ለዘር የተቀመጠ እህልም አይነካም። እሸት ለመውሰድ ባቄላው የማን እንደሆነ ጠይቆ አንድ ፌስታል ቢወሰድ ይበቃል፤ የሚበላው እሸት የቀጣዩ ዓመት ዘር ነው። ፌስታሉን ማሰር ደግሞ አይገባም። ታፍኖ የቆየ እሸት ይሞቃል፣ ሰንዳፋ ሳይደርስ ላብ ያወጣል፣ ሰኞ ጠዋት ልጡ ጠቁሮ ይገኛል። ማዳበሪያ ውስጥ አፉ ተከፍቶ ይሻለዋል። ቆሎ መግዛት የፈለገ ደብረ ሲና ድረስ ወርዶ ከሆነ እዚያው መንገድ ዳር ይግዛ።

ቅቤ የሚገዛው ሸኖ ላይ ነው፣ ስሙም ከዚያው ነው። በእጅ መዳፍ ላይ ትንሽ ተወስዶ ሲታሽ ንጹሕ ቅቤ በሰውነት ሙቀት ቶሎ ይቀልጣል፤ የሚንከባለል፣ እንደ ሰም የሚጣበቅ ወይም የሚያሻክር ከሆነ የተደባለቀበት አለ። ለጋው ለማንጠር ይሻላል፣ የበሰለው ሽታው የከረረ ነው፤ ሻጩ «መድኃኒት ነው» ቢልም ለምግብ ለጋውን መምረጥ ነው። ክዳን ባለው ሰፊ ፕላስቲክ ተደርጎ ከሻንጣው መሐል ልብስ ውስጥ ይቀመጣል፤ መስታወት ሥር የተቀመጠ ቅቤ ለገጣፎ ላይ ዘይት ሆኖ ይጠብቃል።

ለጋ ቅቤ ውኃና አሬራ ስለሚይዝ ሳይነጠር ብዙ አይቆይም። 1 ኪሎው ወፍራም ድስት ላይ በትንሽ እሳት ይጣዳል፤ አረፋው ሲወጣ እየተገፈፈ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፣ እፍኝ ኮሰረት፣ ግማሽ ማንኪያ አብሽና ትንሽ ጥቁር አዝሙድ ይገባበታል። እሳቱ ከበረታ ከታች የሚዘቅጠው ነገር አርሮ ቅቤውን በሙሉ ያጨሰዋል። መንጣጣቱ ጸጥ ሲልና ከላይ ሲጠራ ወርዶ፣ ለብ ሲል በወንፊት ይጠለላል። የሚገለበጥበት ዕቃ ደረቅ ይሁን፤ ጠብታ ውኃ ከቀረበት ይሻግታል። እሁድ ማታ ድካም ካለ ሰኞ ማታ ይነጠር፤ ከዚያ በላይ ግን አይቆይ።